ፓምፕ ቢገጠምም መርፌው አይጣልም

እህቴ፣ «ለልጄ የኢንሱሊን ፓምፕ ከውጭ ተላከለት፤ መርፌ ቀረ፣ ማሽኑ ሁሉን ራሱ ያውቃል» ብለሻል። አብሽሪ፣ ደስታሽ ደስታዬ ነው። መርፌውን ግን እንዳትጥይ! ፓምፑ፣ ማለትም ኢንሱሊንን በቀጭን ቱቦ ወደ ሰውነት የሚያስገባው ትንሽ ማሽን፣ የሚሰጠው ፈጣኑን ኢንሱሊን ብቻ ነው፤ ቆይቶ የሚሠራ ኢንሱሊን በሰውነቱ አይኖርም። ቀጭኗ ቱቦ ከታጠፈች ወይም ሆዱ ላይ የተለጠፈው ሳይታወቅ ከተነቀለ፣ በሰዓታት ውስጥ የደሙ ስኳር ከፍ ይላል፤ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ) ይከተላል። ማስታወክና የሆድ ሕመም ከመጣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ የኢንሱሊን ብዕሩ ወይም ሲሪንጁ ከቦርሳው አይጥፋ።

ከቱቦዋ ጫፍ ቆዳ ውስጥ የምትገባዋ ክፍልም በየ2 ወይም 3 ቀኑ ትቀየራለች፤ መለዋወጫው ሳያልቅ አስቢበት። እንጀራ ሲቀርብም አብዛኛው ፓምፕ የሚበላውን መጠን እንዲነግሩት ይፈልጋል። ሰኞ ባቲ ገበያ ስትወርዱ ደግሞ ፀሐይ እንዳይመታው ከልብሱ ሥር ይያዘው፤ ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል።