ለተከበሩ አቶ ዜብራ፣ ቱሉ ዲምቱ

ጉዳዩ፦ ጠፍተው መቅረትዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ተሻግሬያለሁ።

አምና ሲቀቡ ቆሜ አይቼዎት ነበር። እንዴት ያለ ነጭ ነበሩ! ሠርግ የተጠሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ሲኖትራኩ አሸዋውን እያንጠባጠበ ተመላለሰብዎት፣ እርስዎም ለቀቁ። አሁን የቀሩት ሁለት መስመር ተኩል ናቸው። ተኩሏንም የማያት ድሮ የት እንደነበረች ስለማውቅ ነው።

መደብዘዝዎን አልቀየምም። የሚያናድደኝ ሰው ማሞኘትዎ ነው። ሌላ ቦታ ስሻገር ፈርቼ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ሮጬ ነው። እርስዎ ጋ ስደርስ ግን መብት አለኝ ብዬ ደረቴን እነፋለሁ። ሾፌሩ ስለዚህ መብት የሰማ አይመስልም። ከአዳማ ፈጣን መንገድ ወርዶ የመጣው እግሩ ገና ነዳጅ ላይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እንኳ ቢነዳ በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። እርስዎን እስኪያይ፣ ምን እንደሆኑ እስኪያስታውስ፣ ፍሬን እስኪይዝ እኔ የትራፊክ ዜና ሆኛለሁ። ስለዚህ እጄን ዘርግቼ "በእናትህ!" እያልኩ ነው የማልፈው።

ለነገሩ ስምዎ የሜዳ አህያ ነው። ትልቅ ዘር ነው። በፈረንጆቹ 1882 ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አንዱን ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለግሬቪ ላኩላቸው። ዝርያው እስከ ዛሬ በሰውየው ስም ይጠራል። አሁን እሱም ሊጠፋ ተቃርቧል። በቤተሰብ ያለ ነገር ነው መሰለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ግን ልንገርዎ። ጭድ የጫኑ 5 አህዮች እርስዎን ረግጠው ተሻገሩ። ግራ ቀኝ አላዩም። ሚኒባሱ ቆመ። ሲኖትራኩ ቆመ። ሃይገሩም ቆመ። ረዳቱ እንኳ አልተሳደበም። አህያ ባለቤት አላት፣ ባለቤቷ ደግሞ ዱላ አለው። ለተቀባው የሜዳ አህያ ያልቆመ ሁሉ ጭድ ለተሸከመችው ቀጥ አለ! እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ከኋላቸው ተከተልኩ። ዘንድሮ ሳልሮጥ ስሻገር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከእርስዎ ጋር የነበረኝ ውል መቋረጡን በትህትና አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ እግረኛ

ግልባጭ፦
ለጭድ ነጋዴው፤ ነገ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚያልፉ እንዲያሳውቁኝ