ምሳር ለሚያውቅ ልጅ ምሳር ማስተማር

ጎጃም ውስጥ ለስካውት ልጆች የሰንጢና የምሳር ትምህርት ይሰጥ ሲባል «የገበሬ ልጅ እንጨት መፍለጥ ምን ያስተምሩታል?» የሚል አይጠፋም። ልጁ ያውቃል፤ ችግሩም እዚያው የሚያውቀው ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ በግራ እግሩ ረግጦ፣ ምሳሩን ከጣቶቹ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ያሳርፈዋል፤ ያውም በኮንጎ ጫማ። ምሳሩ ጉጥ ካገኘ ይነጥራል፣ የሚነጥረውም ወደ እግሩ ነው።

ይህን ልማድ ለማስጣል ከአዋቂ ይልቅ የ16 ዓመት ስካውት ይሻላል ባይ ነኝ። የ11 ዓመቱ ልጅ አዋቂውን ይሰማል፣ ታላቁን ግን ያየዋል፤ እጁም የሚሄደው ባየው ነው። ስለዚህ ታላቁ አስቀድሞ የሚያሳየው እንጨቱን ወፍራም ጉማጅ ላይ አጋድሞ፣ ልክ ጉማጁን በነካበት ቦታ መምታትን ይሁን። አየር ላይ የቀረውን ጫፍ የመታ ልጅ ቁራጩ ፊቱ ላይ ይፈናጠርበታል። ዛቢያው አጭር ከሆነ ተንበርክኮ ነው፤ ቢስት መሬት እንጂ ቅልጥም አያገኝም።

ሰንጢ ከመከፈቱ በፊት በአቅራቢያ ሰው እንዳይኖር ክንድ ተዘርግቶ ዙሪያው ይለካል፤ ለምሳር የዛቢያው ርዝመት ይጨመራል፣ ከራስ በላይ ያለ ቅርንጫፍም ይታያል። ቢላዋ ሲቀባበሉ እጀታው ወደ ተቀባዩ ይዞራል፤ «ይዣለሁ» ሳይባል አይለቀቅም። ጭን መካከል መቅረጽ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ትልቁ የደም ሥር ያለው በውስጠኛው ጭን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዛቢያው ነው። በጋው ሲከር እንጨቱ ይኮማተርና ብረቱ ይላላል። ውኃ ውስጥ ማሳደር ለዕለቱ ያጠብቀዋል፤ ነገር ግን ያበጠው እንጨት ቀዳዳው ውስጥ ይጨፈለቅና ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል። መፍትሔው ደረቅ የወይራ ሽብልቅ ነው። ዶልዷማ ምሳርም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ አይነክስም፣ ይንሸራተታል።

የተቆረጠ ልጅ ካለ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቡና መነስነስ ይቅር፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነገርም ይጠየቅ።

ለአንድ ታላቅ 4 ልጅ ይበቃዋል። አዋቂው ደግሞ ከታናናሾቹ ይልቅ አስተማሪውን ይጠብቅ፤ የ16 ዓመት ጎረምሳ ተመልካች ካገኘ በአንድ ምት ካልፈለጥኩ ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በታናናሾቹ ፊት ምሳሩን ያስረክብና የዕለቱን ፍልጥ ተሸክሞ ይዋል።