ከከረጢቱ ያልወጣችው መቆንጠጫ

ባለፈው ሰሞን አራት ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ ከረጢቱን ጭኑ ላይ አቅፎ መሬት አላስነካም ብሏል። ውስጡ ያለችው ሁለት ዓመት የለፋባት ዕቃ ናት። የጠረጴዛ ጠርዝ ቆንጥጣ ምርኩዝ የምትይዝ ትንሽ መቆንጠጫ። ምርኩዝ ጠረጴዛ ላይ ሲያስደግፉት መንሸራተቱና ጓ! ማለቱ አይቀርም፤ እሱን ለማስቀረት ነው። ምን እንደምትሠራ ነግሮናል። እንዴት እንደምትሠራ ግን አያሳይም።

«እስቲ አውጣትና እንያት» አለችው አብራን የነበረችው ወዳጃችን።

«ፓተንት ሳላመለክት አላወጣም።» የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማለቱ ነው።

«እኛ ነን የምንሰርቅህ?»

«እናንተ ባትሰርቁ ወሬው ይሰርቃል» አለና የሮበርት ከርንስን ታሪክ አመጣ። ከርንስ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ቆም እያለ እንዲሠራ ያደረገ መሐንዲስ ነው። ሥራውን ለፎርድ አሳየ። ቆየት ብሎ ፎርድ የራሱን መጥረጊያ ይዞ ብቅ አለ።

«ቆይ ቆይ፣ ሰውዬው እኮ ፓተንት ነበረው!» አለች። «ፎርድን የከሰሰው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። 10.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ከፎርድ ጋር የተዘጋው ደግሞ በ1990። አሥራ ሁለት ዓመት! ትዳሩም በመሀል ፈርሷል። ፓተንት ዘበኛ አይደለም። የመክሰሻ ወረቀት ነው። ከሳሹም፣ ከፋዩም አንተው ነህ።»

እሱ ግን አልተረታም። አሜሪካ ፈጠራህን ለሕዝብ ካሳየህ በኋላ ለማመልከት የአንድ ዓመት ፋታ ትሰጣለች አለ። አውሮፓ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ፋታ በመርህ ደረጃ የለም። ቀድመህ ካሳየኸው አዲስነቱ አበቃ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው፤ ብዙ ፈጣሪ በደስታ ቪዲዮ ለቅቆ ነው መብቱን ያጣው።

ከዚያ አራተኛችን ጋሼ ወሬው ውስጥ ገቡ። ዕድሜያቸውን ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው።

«ስንት ቁራጭ አላት?»

«ሰባት፣ ጋሼ። ሁለት ብሎንና አንድ ስፕሪንግ ሳይቆጠር።»

«በምን ሠራሃት?»

«በስሪዲ ፕሪንተር።»

ጋሼ ፈገግ አሉ። «በብዛት ስታመርት ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ ሞልድ፣ ያስፈልግሃል። ፕሪንተር የሠራውን ሁሉ ሞልድ አይሠራውም፣ ልጄ። ሞልድ ተከፍቶ ዕቃውን መልቀቅ አለበት። ወደ ውስጥ የታጠፈ ነገር ካላት እዚያው ተቆልፋ ትቀራለች። ግድግዳዋ ትንሽ ዘመም ካላለ ስትወጣ ትፋቃለች። አንዱ ጎኗ ወፍሮ ሌላው ከሳስቶ ከሆነ ደግሞ ስትቀዘቅዝ ትሰረጉዳለች።» ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ከፈቱልን። «ብረቱ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ሐሳብ ለወጥኩ ማለት መከራ ነው። ብረት መላግ ይቻላል። ብረት መጨመር ነው ጣጣው።»

ዋጋ እንዴት እንዳወጣም ጠየቁት። ፕላስቲኩን፣ ብሎኑንና ስፕሪንጉን ደምሮ ትንሽ ትርፍ ጨምሮበታል። «ማሸጊያውስ? ማጓጓዣውስ? ተሰብሮ የሚመለሰውስ? አከፋፋዩና ቸርቻሪው በነፃ ነው የሚሠሩልህ?»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ሁሉንም ነገር ጨርሰን ገበያ እናወጣልሃለን ያሉት ሰዎች እንዳሉ ነገረን።

«ቅድሚያ ክፈል ብለውሃል?» አልኩት።

«ትንሽ።»

ሦስታችንም በአንድ አፍ «ተው!» አልነው። አሜሪካ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ከደንበኞቻቸው ስንቱ ከከፈለው በላይ እንዳገኘ አስቀድመው እንዲናገሩ እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች። እሱን ጠይቃቸው ብዬው አለፍን።

ክርክሩን ያሞቀችው ግን ያቺው ወዳጃችን ናት። «ኤዲሰን የመጀመሪያ ፓተንቱን በምን እንዳገኘ ታውቃለህ? በድምፅ መቁጠሪያ። 1869 ላይ። የምክር ቤት አባላት ማብሪያ ሲነኩ ድምፃቸው ወዲያው የሚመዘገብበት ማሽን ነው። ይሠራል! ፖለቲከኞቹ ግን አንፈልግም አሉ። ስም እየተጠራ ድምፅ ሲሰጥ ጊዜ ይወስዳላ። የሚለማመኑትና የሚደራደሩት እኮ በዚያች ጊዜ ነው። ኤዲሰን እንደ ችግር ያየው መዘግየት ለእነሱ ሲሳይ ነበር።»

«የእኔ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ምርኩዝ ይወድቃል።»

«እናቴ ምርኩዝ ትይዛለች። መውደቁ አያናድዳትም። ጎንበስ ብሎ ማንሳቱ ነው የሚገድላት። ደግሞ ከጠረጴዛ ላይ ብቻ መቼ ወደቀ? አልጋዋ አጠገብ ይወድቃል፣ በር ስትከፍት ይወድቃል፣ ቦርሳዋን ስትፈልግ ይወድቃል። ያኔ ያንተ ዕቃ ምን ታደርግላታለች?»

ትንሽ አሰበ። «የእናንተ ቤት ጠረጴዛ ውፍረቱ ስንት ነው?» አላት።

እኔ ለማን እንደፈረድኩ ልንገራችሁ። ከረጢቱን አለመክፈቱ ልክ ነው፤ እስኪያመለክት ይዝጋው። የጋሼም ነገር እውነት ነው፣ ግን ተራው ገና ነው። ተፈላጊነቷ ላልታወቀ ዕቃ የብረት ወሬ ምን ያደርጋል? የረታችው እሷ ናት። ሰውየውን በኋላ ለብቻው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ምርኩዝ ያዥ አናገርክ ብለው፣ «ሚስጥሩ እንዳይወጣብኝ ብዬ...» አለኝ። ማንንም አላናገረም ማለት ነው። ምርኩዝዎ የት የት ይወድቃል ብሎ መጠየቅ ምን ሚስጥር ያወጣል? ዕቃዋን ማሳየት የለበት፣ ስሟን እንኳ ማንሳት የለበት። ፍርሃቱ የሌባ ብቻ አልመሰለኝም። «አያስፈልገኝም» የሚል ሰው እንዳይገጥመውም ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ነግሬው «ልክ ነህ» አለኝ። ተሰነባብተን ዞር ስል ሜትር አውጥቶ የተቀመጥንበትን ጠረጴዛ ጠርዝ ይለካል።