ለዶሮ ወጥ ቀይ ወይን ማን አዘዘው?

በበዓል ሰሞን ወይን ሊገዛ የገባ ሰው እጁ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ጠቆር ባለው ቀይ ላይ ነው፤ የአርጀንቲና ማልቤክ፣ የደቡብ አፍሪካ ካበርኔ ሶቪኞን ወይም የቺሊ ሜርሎ። «ለሥጋ ቀይ፣ ለዓሣ ነጭ» የሚለውን ሕግ ሁሉም ሰምቶታል። ሕጉ ግን በርበሬ ከማያውቅ ጓዳ የመጣ ነው። በጨውና በቅቤ ለተጠበሰ የፈረንሳይ ሥጋ ልክ ነው። ዶሮ ወጥ ጎን ሲቀርብ ወይኑ ይመርራል፣ ወጡ ከነበረው በላይ ያቃጥላል፣ ባለቤቱም አንዴ ፉት ብሎለት «ይኼ ነገር ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም፤ ቦታው አይደለም እንጂ።

ቀይ ወይን አፍ የሚሰበስበው ታኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር ይወጣል። ብዙ የፈላ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ድድ ላይ የሚተወውን ድርቀት ያስታውሳሉ፤ እሱ ነው። ታኒን ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ምራቁ ማለስለሱን ይተዋል። በርበሬ ያቃጠለው አፍ ይህ ሲጨመርበት ይሻክራል። አልኮል ደግሞ የማቃጠሉን ስሜት ያባብሳል፤ 14.5 በመቶ የሆነ ማልቤክ በሚጥሚጣ ላይ እሳት እንደ መጨመር ነው። ቃጠሎውን የሚያበርዱት ስኳርና ቅዝቃዜ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ እንጀራው ነው፤ ይህን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ኮምጣጣ የበላ ምላስ የወይኑን ኮምጣጣነት አሳንሶ ይቀምሳል። ስለዚህ ከሞቃት አገር የመጣ፣ አሲዱ ዝቅ ያለ ወይን በደንብ ከቦካ እንጀራ ጋር ሲጠጣ ውኃ ውኃ ይላል። ወይኑ ቢያንስ የእንጀራውን ያህል መኮምጠጥ አለበት።

እነዚህን ሁሉ የሚያሟላው በእኔ ምላስ የሞዘል ሪዝሊንግ የተባለው የጀርመን ነጭ ወይን ነው። በሞዘል ወንዝ ዳርቻ፣ ሰው ተንጠልጥሎ በሚለቅምበት ገደላማ፣ ስሌት (slate) የሚባል በቀጫጭን ንጣፍ የሚሰነጠቅ ድንጋይ በሞላበት ተዳፋት ላይ ይበቅላል። አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፍሬው ሲበስልም አሲዱ አይጠፋም። ጠርሙሱ ላይ «ካቢኔት» (ቀለል ያለው የጀርመን ወይን ደረጃ) የሚል የተጻፈበትን ይፈልጉ። ስኳር የተረፈበት ካቢኔት አልኮሉ ከ7.5 እስከ 9 በመቶ ነው፤ ስኳሩ በሊትር 40 ግራም አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ለንጽጽር ያህል፣ የተለመደው ኮላ በሊትር ከ100 ግራም በላይ አለው። ሲቀምሱት መጀመሪያ አረንጓዴ ፖምና የሎሚ ልጣጭ ይመጣል፤ ጣፋጩ መሃል ላይ ብቅ ይልና አሲዱ ጠርጎት ይሄዳል፣ አፍ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ከተቁላላ ዶሮ ወጥ ጋር ሲገጥም የቁሌቱ ጣፋጭነትና የወይኑ ጣፋጭነት ይገናኛሉ። ዓመታት የቆየው ሪዝሊንግ ላምባ ላምባ ይሸታል። አትደንግጡ፣ የዝርያው ጠባይ ነው።

ወጥመዱ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ትሮከን» የሚለው ቃል ነው። ደረቅ ማለት ነው፤ ከአልጫ ጋር ያምራል፣ ከቀይ ወጥ ጋር ግን ስኳሩ ስለሌለ እሳቱን አያበርድም። ጀርመንኛ ማንበብ አያስፈልግም፤ የአልኮሉን ቁጥር ማየት ይበቃል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ሳይጨርስ ከቆመ አልኮሉ ዝቅ ይላል። 8 ወይም 9 ካለ ስኳር ተርፏል፤ 12 ካለ በልቶ ጨርሷል።

«ጣፋጭ ወይን የጀማሪ ነው» የሚለው ወግ በጠጅ አገር መነገሩ ይገርማል። ጠጅ ቤት የገባ ሰው ደረቅ፣ መካከለኛ ወይስ ለስላሳ ተብሎ ይጠየቃል፤ ለስላሳ በማዘዙ የሚያፍር የለም። ጥሩ ጠጅ ማሩ የማይሰለቸው የጌሾው ምሬት ስለሚመክተው ነው። በሪዝሊንግ ውስጥ የጌሾን ሥራ የሚሠራው አሲዱ ነው። ሪዝሊንግ ላልተገኘበት ገበታም መላ አለ። የአገር ውስጡን ጣፋጭ ቀይ አክሱሚት እስከ 10 ዲግሪ አቀዝቅዞ ከዶሮ ወጥ ጋር ማቅረብ፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ የተገዛ ካበርኔ ከመክፈት የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ቀይ ካልሆነ አልጠጣም ለሚል ቦዦሌ አለ። ከጋሜ ወይን የሚሠራ የፈረንሳይ ቀይ ነው። ዘለላው ሳይጨፈለቅ እንዳለ በተዘጋ ጋን ውስጥ ስለሚገባ መፍላቱ በፍሬው ሆድ ውስጥ ይጀምራል፤ ቀለሙ ይወጣል፣ ታኒኑ ግን ብዙም አይከተለውም። ፍሌሪ ከሚባለው መንደር የሚመጣው ለስላሳና አበባ አበባ የሚሸት ነው። ሙላን አ ቫን ከዚያው አካባቢ ቢሆንም ከበድ ይላል፣ ለበርበሬ አይመከርም። ቦዦሌ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚለውን እዚህ ላይ መርሳት ነው።

ለጾም ገበታ ጆርጂያን አስቡ። በካኬቲ ግዛት ርካጺቴሊ የተባለውን ነጭ ወይን ከነልጣጩና ከነዘሩ ክቬቭሪ በሚባል መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ጋን ይጠምቁታል፤ አምስትና ስድስት ወር እንዲሁ ይቆያል። ይህ ዘዴ በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሲወጣ ቀለሙ የቀጠነ ሻይ ይመስላል፤ የደረቀ አፕሪኮትና የለውዝ ልጣጭ ጣዕም አለው። ነጭ ነው ብሎ የጠበቀ ሰው በታኒኑ ይደነግጣል። ለክክ አልጫና ለጎመን እንጂ ለምስር ወጥ አይደለም።

ማልቤክም ሜዳ አለው፤ ቁርጥ። ስብና ጨው ታኒንን ያለሰልሳሉ፤ ሥጋው ያለ ሚጥሚጣ፣ በጨው ብቻ ከተበላ ከሜንዶዛ ተራሮች ግርጌ የሚመጣው ይህ ወፍራም ወይን ያኔ ነው ፕለሙና ቸኮሌቱ የሚሰማው። ለብ ለብ ያለ ክትፎም ቂቤው ከበዛና ሚጥሚጣው ከቀነሰ እንዲሁ። አዋዜ ውስጥ እየነከሩ ከሆነ ግን ቢራ ይሻላል።

ከዝርያው እኩል ወይን የሚያበላሸው ሙቀት ነው። «ቀይ በክፍል ሙቀት» ሲባል ማሞቂያ ያልነበረው የአውሮፓ ቤት፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ማለት ነው። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ክፍል 30 ሲያልፍ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ፍሬው ይደበቃል። ባልዲ ውስጥ ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውኃ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሮ ነጩን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ቀዩን 10 ደቂቃ መንከር ነው። በረዶ ብቻ ከሆነ በመሃሉ አየር ስለሚገባ ይዘገያል። መብራት ከሌለ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ማኖር ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል።

ሲገዙ መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ የቆመውን ይተዉ። ቡሹ ከአፉ ወጣ ካለ ወይም ወይን በአንገቱ ከተንጠባጠበ ተቀቅሏል። ተከፍቶ የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፤ ቢናፈስም አይለቅም። የተጫረ ክብሪት የሚሸት ከሆነ ግን ሩብ ሰዓት ብርጭቆ ውስጥ ይቆይ፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

እንግዳ ከመድረሱ በፊት መሞከር ይቻላል። 50 ሚሊ ሊትር ቀድቶ መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከአንድ ጉርሻ ወጥ በኋላ መቅመስ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ከመረረ 10 ደቂቃ አቀዝቅዘው ይድገሙት። ያን ጊዜም ከመረረ ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፣ ነገ ቁርጥ ሊኖር ይችላል።