ሲንዴላርን ቅዱስ ማድረግ ይቅርብን

በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። «ሂትለርን እምቢ ያለው ኳስ ተጫዋች» ይላል። ሰውዬው ኦስትሪያዊው ማቲያስ ሲንዴላር ነው። በናዚ ባለሥልጣናት ፊት ጎል አግብቶ ጨፈረ፣ ለጀርመን አልሰለፍም አለ፣ ከዚያ ገደሉት ይባላል። ልብ ይነካል። ግን ታሪኩ ሲዞር አንድ ካፌና አንድ ሰው ሁልጊዜ ይቀሩበታል።

መጀመሪያ ግን ስለ ኳሱ ላውራ፣ ምክንያቱም ጀግና ካልሆነ የማይወራለት ተጫዋች አይደለም። በ1903 (እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ቼክ፣ ሞራቪያ ውስጥ ተወለደ፣ ያደገው ግን ፋቮሪተን በሚባለው የቪየና የሠራተኛ ሰፈር ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተ። ልጁ ቀጭን ነው፣ ጉልበቱም ኦፕራሲዮን የተደረገ። ስለዚህ ከተከላካይ ጋር መጋጨት ትቶ በመሃላቸው ሾልኮ ማለፍን ለመደ። «የወረቀቱ ሰው» ያሉት ለዚህ ነው። የፊት አጥቂ ሆኖ ሳለ ወደ ኋላ እየተመለሰ ኳስ ይቀበላል፣ ያቀብላል፤ ዛሬ «ፎልስ ናይን» እያልን የምናደንቀውን ነገር እሱ ያኔ ሲሠራው ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር።

አሰልጣኙ ሁጎ ማይስል ለተወሰነ ጊዜ ከብሔራዊ ቡድኑ አርቆት ነበር። በግንቦት 1931 ሲመልሰው ኦስትሪያ ስኮትላንድን 5 ለ 0 ደበደበች፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ በርሊን ላይ ጀርመንን 6 ለ 0። በቀጣዩ ዓመት ሃንጋሪ 8 ለ 2 ስትሸነፍ አራቱን አንቶን ሻል፣ ሦስቱን ሲንዴላር አገቡ። በ1934ቱ የዓለም ዋንጫ ግን ሚላን ላይ፣ በግማሽ ፍጻሜ፣ ጣሊያን 1 ለ 0 አስወጣቻቸው። የጣሊያኑ ተጫዋች ሉዊስ ሞንቲ ሲንዴላርን አላላውስ ብሎት ነበር የዋለው።

አሁን ወደ 1938። በመጋቢት ጀርመን ኦስትሪያን ጠቀለለች። ሚያዝያ 3 ቀን ቪየና ፕራተር ስታዲየም ላይ የሁለቱ ቡድኖች «የውህደት ጨዋታ» ተደረገ፤ ኦስትሪያውያኑ 2 ለ 0 አሸነፉ። አንዱን ሲንዴላር፣ ሌላውን ካርል ሴስታ አገቡ። ይሄ እውነት ነው። ጭፈራውን ግን አልገዛውም፣ እያደር የተጨመረ ነው የሚመስለኝ። ለጀርመን አለመሰለፉም እውነት ነው፣ ግን ያቀረበው ምክንያት ዕድሜና ጉዳት ነበር። የጀርመኑ አሰልጣኝ ሴፕ ኸርበርገር በኋላ ላይ እንደተናገረው፣ ከጀርባው የፖለቲካ ቅሬታም ያለ ይመስለው ነበር። ይሁን፣ እኔም እቀበላለሁ።

ካፌውስ? በዚያው ዓመት ሲንዴላር ፋቮሪተን ውስጥ አንድ ካፌ ገዛ። ባለቤቱ ሊዮፖልድ ድሪል የሚባል አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች የአይሁዶችን ንብረት በግድ እያሸጡ ነበርና ድሪልም ከመሸጥ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ዋጋው 20 ሺህ ማርክ። ለሲንዴላር የሚከራከሩ ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ ከፍሏል፣ ከድሪል ጋርም ይተዋወቁ ነበር ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን በግድ የሚሸጥን ንብረት በጥሩ ዋጋ ገዛ ማለት ምን ማለት ነው? ድሪል በ1943 ቴሬዚየንሽታት የናዚ ካምፕ ውስጥ ሞተ።

ይኸው ሲንዴላር ግን፣ የክለቡ የኦስትሪያ ቪየን አይሁዳዊ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ሽቫርትስ ከሥልጣኑ ሲባረርና ተጫዋቾች ሰላም እንዳይሉት ሲከለከሉ፣ እኔ ሰላም እልሃለሁ ብሎታል ይባላል። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ፣ ምኑ ይገርማል? ሽቫርትስን ሰላም አለ፣ የድሪልን ካፌ ወሰደ። የሚያናድደኝ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያራግቡት ናቸው፤ ሲንዴላርን ከፍ ለማድረግ ሲሉ ድሪልን ለሁለተኛ ጊዜ ንብረቱን ይቀሙታል።

ስለ አሟሟቱም እንዲሁ ነው። ጥር 23 ቀን 1939 ከፍቅረኛው ካሚላ ካስታኞላ ጋር መኖሪያ ቤት ውስጥ ተገኘ፤ እሱ ሞቷል፣ እሷም አልተረፈችም። የጭስ መርዝ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። የናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ገደለው የሚል አለ፣ ራሱን አጠፋ የሚል አለ። ፖሊስ አደጋ ነው አለ፤ የጭስ መውጫው ብልሽት ነበረበት። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያመጣ እስካላየሁ ድረስ እኔ የጭስ መውጫውን ነው የማምነው።