ስለ በገናና ስፌት ትምህርቱ ማስተካከያ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ለትልልቅ ሰዎች ስለተጀመረው የበገናና የስንደዶ ስፌት ትምህርት ስጽፍ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። አንደኛ በገና 6 አውታር አለው ብዬ ነበር፣ ልክ አይደለም 10 ነው፣ 5 ወይ 6 ያለው ክራር ነው። የተምታታብኝ በገና ሲደረደር ሁሉም አውታር ስለማይመታ ነው፣ አንዳንዱ ጣት ማሳረፊያ ነው፣ እና አንዲት እዚያው የሚማሩ እናት ናቸው "ልጄ እስኪ ቁጠረው" ብለው ያረሙኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ እማማ።

ሁለተኛውና ዋናው ግን ማንበብና መጻፍ የማይችል አይመዘገብም ያልኩት ነው። ይሄ ጭራሽ ስህተት ነው!! ፊደል ያልቆጠረም ይማራል፣ ትምህርቱ በጆሮና በእጅ ነው። ደግሞ ጎጃም ተቀምጠን ይሄን እንዴት እንስታለን፣ እዚሁ ጎጃም ባሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች በዋሸራም በጎንጅም ቅኔ ሲቆጠር የኖረው በቃል አይደል እንዴ? ያንን ጽሁፌን አይተው እናታቸውን ያስቀሩ ልጆች እንዳሉ ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት፣ እባካችሁ ንገሯቸውና ይምጡ። ስፌት የሚማሩ ወስፌያቸውን፣ ስንደዶና አክርማቸውን ከቤት ይዘው ነው፣ በገናው ግን እዚያው አለ በተራ ይለማመዳሉ።