የሳተላይቱ መረጃ ከእረኛው መረጃ ጋር ይገናኝ

አገሮች የደን ጉዳት መረጃን በጋራ ይከታተሉ የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። የእኛ የወሎው በሽሎ ወንዝ ዓባይ ነው የሚገባው። ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበ አፈር ድንበር አያቆመውም፤ የሱዳኑ ሮዛይረስ ግድብ ውኃ የመያዝ አቅሙ የቀነሰው ከኢትዮጵያ ደጋ በወረደ ደለል ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቆረጠው ዛፍ ሱዳኖችንም ይመለከታል።

ግን የሳተላይት ምስል ብቻውን አይበቃም። ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ምስል ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ የምስሉ አንዷ ነጥብ ግን 30 በ30 ሜትር መሬት ትሸፍናለች። የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲኔል 2 ወደ 10 ሜትር ይወርዳል። ከወሎው የጎፍ ወይም ከደንቆሮ ጫካ መሐል ሁለት ሦስት ወይራ ለከሰል ቢወድቅ ማን ያየዋል? ጥዱ አልቆ ባሕር ዛፍ ቢተካም ከላይ ሲታይ ያው አረንጓዴ ነው (ባሕር ዛፍን አልጠላም፣ ስንቱ ቤት የቆመው በእሱ ነው)። ካርታው ደን አለ ይላል፣ አገር በቀሉ ግን የለም።

ይህን ለይቶ የሚያውቀው እዚያው የሚውለው እረኛና የደን ጠባቂው ነው። የእነሱም መረጃ ተመዝግቦ ከምስሉ ጋር ይቀናጅ። ለበረሃ አንበጣ እኮ ተችሏል፤ መንጋው የታየበትን ቦታ አገሮች በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በኩል ይለዋወጣሉ። ለደናችንም እንዲህ ያለ ሥርዓት ይዘርጋልን።